ዋስ የሌለው ዋስ

ኔዘርላንድ ውስጥ ቤቨርቫይክ የምትባል ከተማ አለች። ዲጂኖታር የተባለው ድርጅት መቀመጫው እዚያ ነበር። ከስሙ እንደሚታወቀው ትውልዱ ከኖታሪዎች ነው፤ እኛ ውልና ማስረጃ ሄደን የምናሠራውን ዓይነት ጉዳይ ወደ ኢንተርኔት ለማምጣት እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሠረተ። የአገሩ መንግሥት እንኳ ለድረ ገጾቹ ከእሱ ሰርተፊኬት ይወስድ ነበር። በ2011 ግን በአንድ ክረምት ተንኮታኮተ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሰርጎ ገቡ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሰርተፊኬት የሚፈትሸው ፕሮግራም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራውን በትክክል ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሮውዘራችን አንድ ገጽ ሲከፍት ሰርቨሩ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ሰርተፊኬት ያቀርባል። ቃሉ ብቻ አይበቃም፣ ዋስ ይጠየቃል። ሰርተፊኬቱ ላይ የሰጪው ዲጂታል ፊርማ አለ፤ በሰጪው ሰርተፊኬት ላይ ደግሞ የበላዩ ፊርማ። ብሮውዘሩ በየእርከኑ ፊርማው በፈራሚው ይፋዊ ቁልፍ መረጋገጡን፣ ቀኑ አለማለፉን፣ ፈራሚው ለሌላ የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ያያል፤ ስሙም ከተጠየቀው አድራሻ ጋር መግጠም አለበት። እንዲህ የዋስ ዋስ እየጠራ ሄዶ «ሥር» ከሚባለው ሰርተፊኬት ይደርሳል። እሱ ላይ የፈረመው ራሱ ነው! የምናምነው ብሮውዘሩን ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ዝርዝራቸው ውስጥ ስላስገቡት ብቻ ነው። ሒሳቡ እዚህ ላይ ያልቃል። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ደግሞ በዓለም ላይ ላለ ለየትኛውም ስም መፈረም ይችላል። ቤቨርቫይክ ተቀምጦ ለጉግል ዋስ ልሁን ቢል ከልካይ አልነበረውም።

ሰርጎ ገቡ የድርጅቱን ኔትወርክ የጣሰው በጁን ነው። ጁላይ 10 ለጉግል አድራሻዎች የሚያገለግል ሰርተፊኬት በዲጂኖታር ቁልፍ አስፈረመ። በኋላ በተደረገው ምርመራ 531 የሐሰት ሰርተፊኬቶች ተቆጥረዋል። ድርጅቱ ጁላይ 19 ነገሩን ደረሰበት፣ ያገኛቸውን መሰረዝ ጀመረ። የጉግሉን ግን አላገኘውም፤ ለሕዝብም ትንፍሽ አላለም። መሰበር በማንም ላይ ይደርሳል፤ እኔ ይቅር የማልለው ያንን ዝምታ ነው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ኢራን ያሉ ሰዎች ጂሜይላቸውን ይከፍቱ ነበር። መንገድ ላይ የቆመ ሌላ አካል የሐሰቱን ሰርተፊኬት እያሳየ ይቀበላቸዋል። ፊርማው ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ ስሙ ትክክል፣ ሥሩም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ብሮውዘሩ የጓጉንቸሯን ምልክት ያሳያል፤ ሰውየው የይለፍ ቃሉን ይጽፋል። የ2009ኙ የምርጫ ተቃውሞ ከታፈነ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበር፤ እዚያ አገር ደብዳቤህ ተነበበ ማለት ወህኒ ሊያስወርድህ ይችላል።

ስንት ሰው እንደተነካ የታወቀው በራሱ በፍተሻው ነው። ብሮውዘር ሰርተፊኬቱ ተሰርዞ እንደሆነ ለማወቅ ሰጪውን ይጠይቃል፤ ጥያቄው ዲጂኖታር ዘንድ ይመዘገባል። ምርመራውን የያዘው ፎክስ-አይቲ መዝገቡን ሲያገላብጥ ወደ 300,000 የሚሆኑ የተለያዩ የአይፒ አድራሻዎች አገኘ፤ ከ99 በመቶ በላይ ከኢራን። መልሱስ ምን ነበር? መላሹ የሚያውቀው የተሰረዙትን ብቻ ስለሆነ፣ ከነጭራሹ የማያውቀውን ሰርተፊኬት «ደህና ነው» ይል ነበር።

ጉዱ የወጣው ከሰንሰለቱ ውጪ ባለ ነገር ነው። ጉግል ለራሱ አድራሻዎች ሊፈርሙ የሚችሉትን ጥቂት ሰጪዎች ክሮም ውስጥ አስቀድሞ አስፍሮ ነበር። ኦገስት መጨረሻ ላይ ክሮም አንድ ኢራናዊ ተጠቃሚን አስጠነቀቀ፤ ሰውየውም ነገሩን አደባባይ አወጣው። ከዚያ በኋላ ሁሉም በጥድፊያ ሆነ። ብሮውዘሮቹ ዲጂኖታርን ከዝርዝራቸው አወጡት፤ ሴፕቴምበር 3 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሚኒስትሩ ፒት ሄይን ዶነር መግለጫ ሰጡ፤ ሴፕቴምበር 20 ድርጅቱ ከሰረ ተባለ። ፈራሚዎቹ ማሽኖች በጥብቅ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ነበሩ አሉ መርማሪዎቹ፤ ነገር ግን በኔትወርክ በኩል ይደረስባቸዋል፣ ሁሉም በአንድ የዊንዶውስ ዶሜን ሥር፣ ደካማ በሆነ አንድ የይለፍ ቃል።

እግረ መንገዴን፦ እኛ ፕሮግራመሮች ዘንድ ሰርተፊኬቱ አላለፈም የሚል ስህተት ሲመጣ ፍተሻውን በአንድ መስመር ማጥፋት የተለመደ ነው። የሰው ኮድ ስገመግም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያ ከዲጂኖታርም ይብሳል፤ ጭራሽ ዋስ አለመጠየቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመጡት ለውጦች ትልቁ ሰርተፊኬት ትራንስፓረንሲ ነው። ሰነዱ በ2013 ወጣ። ሰንሰለቱን እንዳለ ትቶ በጎኑ ማንም የሚያነበው፣ ሊጨመርበት እንጂ ሊፋቅ የማይችል መዝገብ አቆመለት። ክሮም ከኤፕሪል 30፣ 2018 በኋላ ለተሰጡ ሰርተፊኬቶች ግዴታ አደረገው። አሁን የአንድ ድረ ገጽ ባለቤት የራሱን ስም በመዝገቡ ፈልጎ ማን ዋስ እንደሆነለት ያያል። የማያውቀው ፈራሚ ካገኘ፣ ሰጪው አፉን እስኪከፍት መጠበቅ የለበትም።