የፓልመር አሰሳ

የፓልመር አሰሳ፣ በ1919 እና በ1920 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በኮሙኒስትነትና በአናርኪስትነት የጠረጠራቸውን መጻተኞች እየለቀመ ከአገር ለማስወጣት ያካሄደው የምርመራና የእስራት ዘመቻ ሲሆን፣ ስሙን የወረሰው በጊዜው ዋና ዐቃቤ ሕግ ከነበሩት ከሚቸል ፓልመር ነው።

የሩሲያ አብዮት ያሳደረው ሥጋት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የኑሮ ውድነትና የሠራተኞች አድማ ሕዝቡን አውኮት ሳለ፣ ጁን 2 ቀን 1919 ሌሊት በስምንት ከተሞች ቦምብ ፈነዳ፤ በዋሽንግተን የፓልመርን ቤት የፊት ክፍል ያፈረሰው ቦምብም ተሸካሚውን ራሱን ገደለው። በኦገስት ወር ፓልመር ልዩ የምርመራ ክፍል አቋቁመው፣ ቀድሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረውን የ24 ዓመቱን ወጣት ኤድጋር ሁቨርን ሾሙበት፤ እርሱም በመጻሕፍት ዝርዝር አያያዝ የለመደውን ጥበብ ወደ ሰው አዙሮ፣ የተጠርጣሪዎችን ስም፣ ማኅበርና ጋዜጣ በካርድ ያሰፍር ጀመር።

የ1918ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መንግሥትን በኃይል መገልበጥን የሚሰብክ ማኅበር አባል የሆነ መጻተኛ፣ ሌላ አንዳች ወንጀል ባይሠራም እንዲባረር ይፈቅድ ነበር፤ መባረርም በሕጉ ዘንድ ቅጣት ስላልተባለ ጉዳዩ በጁሪ ፊት አይቀርብም ነበር። ነገር ግን የእስራቱን ማዘዣ የሚፈርመው የፍትሕ ሚኒስቴር ሳይሆን የሠራተኛ ሚኒስቴር ነበር፤ የነገሩም ፍጻሜ በዚህች የሥልጣን ክፍፍል ላይ ተንጠለጠለ።

ኖቬምበር 7 ቀን 1919 የሩሲያ ሠራተኞች ማኅበር ቤቶች ተበረበሩ፤ ዲሴምበር 21 ቀንም አናርኪስቶቹ ኤማ ጎልድማንና አሌክሳንደር በርክማን ያሉባቸው 249 ሰዎች ቡፎርድ በምትባል መርከብ ተጭነው ከኒው ዮርክ ተባረሩ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1920 ምሽት ግን ከ30 በሚበልጡ ከተሞች በአንድ ጊዜ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ያለ ማዘዣ፣ ተያዙ። በዲትሮይት 800 ያህል እስረኞች መስኮት በሌለው የመንግሥት ሕንፃ መተላለፊያ ላይ በአንድ መጸዳጃ ብቻ ለቀናት ተፋፍገው ከረሙ፤ በቦስተን ደግሞ በሰንሰለት ተጠፍረው በአደባባይ ተነድተው ወደ ዲር ደሴት ተወሰዱ።

ዘመቻውን በዋነኛነት የገታው የሕዝብ ቍጣ ሳይሆን የአንድ ሽማግሌ ሹም መዝገብ ማንበብ ነው። በማርች 1920 የሠራተኛ ሚኒስቴርን በተጠባባቂነት የያዙት የ70 ዓመቱ ሉዊስ ፖስት፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ሳያውቁት ስማቸው ከሶሻሊስት ፓርቲ ወደ ኮሙኒስት ፓርቲ መዝገብ የተዛወረ ሰዎችን ስላገኙ፣ ከ1,000 የሚበልጡ ማዘዣዎችን ሰረዙ። የተወካዮች ምክር ቤት ከሥልጣን ሊያስወግዳቸው ቢጠራቸውም፣ በሜይ ወር ቀርበው በሰጡት መልስ ከሳሾቻቸውን አሳፈሩ። በዚያው ወር 12 የታወቁ የሕግ ሊቃውንት የፍትሕ ሚኒስቴርን ሕገ ወጥ ሥራ የሚያጋልጥ መግለጫ አሳተሙ፤ ፓልመር በሜይ 1 ቀን ይነሣል ያሉት ሁከትም ሳይነሣ ቀረ፤ በጁን የቦስተኑ ዳኛ ጆርጅ አንደርሰን አሠራሩን በብርቱ ነቀፉ።

ፓልመር የተመኙትን የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት አላገኙም። ሁቨር ግን በ1924 የፍትሕ ሚኒስቴሩ የምርመራ ቢሮ (የኋላው ኤፍ.ቢ.አይ.) አለቃ ሆኖ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1972 ድረስ በዚያው ሹመት ጸና።