ኳሱን እያየሁ እንዴት ተበላሁ?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል በር ላይ አገኘኝና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ጨዋታ ሳይጀመር የቆረጥኩት ቲኬት ቢወድቅ ይገባኛል። ላይቭ ግን ኳሱን በዓይኔ እያየሁ ነው የምቆርጠው። እያየሁ እንዴት ነው የምበላው?»

የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሱን ከሩቅ ጀመርኩት። እሱ ታክሲ መጣለትና አመለጠ። እናንተ ግን አታመልጡኝም።

የቁማር ታሪክ በከፊል የመጠበቅ ታሪክ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ቲኬት የገዛ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ቀን ይቆጥር ነበር። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ በአባቶቻችን ኮት ኪስ ውስጥ ስንት ቀን ታጥፎ ሰንብቷል! እስከዚያ ከማለም በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ብሩም አንዴ ወጥቷል፤ ደግሞ አይወጣም። ቀጥሎ እየተፋቀ የሚታየው ፈጣን ሎተሪ መጣና ጥበቃው እዚያው ቆሞ የሚያልቅ ሆነ። የስፖርት ውርርድ ሲመጣም ፈቃድ ሰጪው ይኸው ተቋም ነው። አምስት ስድስት ጨዋታ ያለበት ወረቀት ይዞ እስከ እሁድ ማታ መጠበቅ። አንዱ ቡድን ይጥልህና ወረቀቷ ትቀደዳለች፣ አለቀ።

እንግሊዞችም መንገዳቸው ይመሳሰላል። የውርርድ ሱቆች በሕግ የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1961 ነው (የኛ ሎተሪ የተቋቋመበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ)። ጨዋታ እየተካሄደ መወራረድ በሰፊው የተለመደው ግን ኢንተርኔት ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ቤትፌር ተወራራጆችን እርስ በርስ አገናኝቶ በየደቂቃው ዋጋ እንዲቀያየሩ አደረገ። ከዚያ ሞባይሉ ጨመረበት።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። «እያየሁ» ያለው ላይ ነው ስህተቱ። ዲኤስቲቪ ላይ የምናየው ኳስ ሳተላይት ዞሮ እስኪደርስ ሴኮንዶች ዘግይቷል። አቋማሪው ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ መረጃውን የሚያገኘው ስታዲየም ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር ከሚልክ ሰው ነው። አደጋ ያለው ኳስ ሲመጣ ኦዱ ይቆለፋል። ቁልፉን ተጭነህ እንኳ ጥቂት ሴኮንድ ያስጠብቅሃል፤ በዚያ መሃል ጎል ከገባ ውርርድህ ተቀባይነት የለውም። ሴኮንዶቹ ምን ያህል ውድ እንደሆኑ ለማወቅ የአውስትራሊያ ኦፕን ቴኒስን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ እንግሊዛዊ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ነጥቡን በድብቅ መሣሪያ እየላከ ነው ተብሎ ታሰረ፤ ክሱ በኋላ ተነሣ።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪዎች ይታዘቡኝ። ለምሳሌ ኦዱ ለባለሜዳው 1.80፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳው 4.20 ይሁን። በየትኛውም ውጤት 100 ብር እንዲመለስልህ ሦስቱንም ብትቆርጥ የምትከፍለው 108 ብር ከ78 ሳንቲም ነው። ትርፏ የቤቱ ድርሻ ናት። በሳምንት አንዴ ብትከፍላት ብዙም ላይሰማህ ይችላል። ላይቭ ግን ቀጣዩ ኮርነር፣ ቀጣዩ ቢጫ ካርድ፣ ቀጣዩ ጎል እያለ ያንኑ ብር በአንድ ጨዋታ አሥር ጊዜ ያሽከረክርልሃል። በዚህ ድርሻ አሥር ጊዜ የዞረ 100 ብር በአማካይ ወደ 43 ብር ይወርዳል። አንዳንዱ ይበላል፣ አልክድም፤ እኔ የምለው አማካዩን ነው። ካሽ አውት የሚባለውም ቢሆን ዋጋውን የሚቆርጠው ያው ቤቱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በከተማችን የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ነበር። ቴሌብር ግን ከ2013 ጀምሮ በልጆቻችን ኪስ ውስጥ ነው። ድሮ ቢያንስ ቆራጩ ቤት ድረስ በእግር መሄድ ነበረበት፤ መንገድ ላይ ሐሳብ ይቀየራል፣ ወይ አጎትህ ያገኝሃል።

ያለፈው እሁድ እዚሁ ዘነበወርቅ ኳስ ማሳያ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ልጅ በድንገት «ተቆለፈ! ጎል ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ነበር።