ግንቡን ያላፈረሰው ዘፋኝ

ስለ ምሥራቅ በርሊን ካነበብኩት ሁሉ አብዝታ የምታስገርመኝ አንዲት የሙዚቃ ትኬት ናት። ዋጋዋ 20 የምሥራቅ ማርክ ገደማ ነው። ቀኑ ጁላይ 19 ቀን 1988 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1980፣ የሚካኤል ዕለት። ትኬቷ ላይ የአሜሪካዊው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ የብሩስ ስፕሪንግስቲን ስም ታትሟል። አብሮትም “ኮንሰርት ለኒካራጓ” የሚል ጽሑፍ አለ። ስለ ኒካራጓው ነገር ዘፋኙን ማንም አላማከረውም። በርሊን ደርሶ ሲሰማ ተቆጣ፤ በሥፍራው የተሰቀሉት መፈክሮች እንዲወርዱም አደረገ። ትኬቱ ግን አንዴ ታትሞ ተሽጧል፣ ምን ይደረጋል!

(ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጽፍ አንባቢ ይታገሠኝ። ደግሞም “የበጋ ኮንሰርት” ስል የእነሱን በጋ ማለቴ ነው። እኛ በሐምሌ ጃንጥላ ይዘን በጭቃ ስንራገጥ፣ በርሊን ላይ ፀሐይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎም አትጠልቅም።)

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡን በግንብ አጥሮ የያዘ መንግሥት አሜሪካዊ ሮክ ዘፋኝ ምን ሊያደርግለት ይጠራል? ጠሪው ደግሞ ተራ ነጋዴ አልነበረም። የመንግሥት የወጣቶች ማኅበር፣ በጀርመንኛ ምሕጻሩ ኤፍ ዴ ዮት የሚባለው ነው። እኛ ዘንድ አኢወማ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ኤፍ ዴ ዮትን ለመረዳት አይቸገርም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ኤሪክ ሆኔከር ነበሩ፤ በኋላ ኦገስት 1961 የግንቡን ሥራ በበላይነት የመሩት፣ ከዚያም አገሪቱን የገዙት እኚያው ሰው።

ባለሥልጣኖቹ ለሮክ ሙዚቃ ፍቅር ኖሯቸው አይደለም የጠሩት። በ1965 የያኔው መሪ ዋልተር ኡልብሪኽት ከምዕራብ የሚመጣውን ቆሻሻ ሁሉ መገልበጥ አለብን ወይ ብለው በቢትልስ ጩኸት አላግጠው ነበር። በዚያው ዓመት በላይፕዚግ የባንዶችን መታገድ ተቃውመው አደባባይ የወጡ ወጣቶች በውኃ መድፍ ተበተኑ፤ ከ260 በላይ የሚሆኑትም ታሰሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ልጆቹ የምዕራቡን ሬዲዮ መስማት አልተዉም። ግንብ ሰውን ያግዳል እንጂ የሬዲዮ ሞገድን አያግድማ!

በጁን 1987 ደግሞ የባሰ መጣ። በምዕራብ በርሊን በኩል፣ ከግንቡ ሥር፣ በራይሽስታግ ሕንፃ ፊት ለፊት ዴቪድ ቦዊ ዘፈነ። በማግስቱና በሠልስቱ ሌሎች ቀጠሉ። የምሥራቁ ወጣት በወዲያ ማዶ ሆኖ ለመስማት ወደ ግንቡ ተጠጋ፤ ፖሊስም በዱላ መለሰው። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል “ግንቡ ይወገድ” የሚል ጩኸት ተሰማ። የጎርባቾቭም ስም ተጠራ። የወጣት ማኅበሩ ሰዎች ከዚህ የተማሩት ቁም ነገር፣ ልጆቹ ወደ ግንቡ ከሚሄዱ ሙዚቃውን እኛው ብናመጣላቸው ይሻላል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ቦብ ዲላን መጣ፤ በ1988 ዴፔሽ ሞድ፣ ጆ ኮከርና ብራያን አዳምስ ተከተሉ። ስሌቱ በእንፋሎት ድስት ላይ ያለችው ቀዳዳ ስሌት ነው። ትንሽ ትተንፍስ፣ ክዳኑ ግን ባለበት ይቆይ።

ስፕሪንግስቲን የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩባት የኒው ጀርሲ ከተማ ያደገ፣ ስለ ሥራ አጥና ስለ ተዘጋ ፋብሪካ የሚዘፍን ሰው ነው። “ቦርን ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤ” የተባለው ዝነኛ ዘፈኑ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ሥራ ያጣ ወታደር ምሬት ነው። ለምሥራቅ ጀርመን ጋዜጦች ይህ ሰው የካፒታሊዝምን ገመና የሚያጋልጥ የሠራተኛው ልጅ ነበር። የሚያስቀው በ1984 ሮናልድ ሬገን ኒው ጀርሲ ላይ የምርጫ ቅስቀሳ ሲያደርጉ ያንኑ ዘፋኝ የአሜሪካ ተስፋ ምልክት አድርገው ማወደሳቸው ነው። ሁለት የማይገናኙ መንግሥታት አንድ ዘፋኝን የየራሳቸው አድርገው ወሰዱት። ግጥሙን ግን ሁለቱም በደንብ ያደመጡት አይመስለኝም። በነገራችን ላይ ዘፋኙ የተወለደው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1949 ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሆና የተመሠረተችው ኦክቶበር 7 ቀን 1949። አገሪቱን በሁለት ሳምንት ይበልጣታል።

ሥፍራው በቫይሰንዜ የብስክሌት መወዳደሪያው ሜዳ ነበር። የተሸጠው ትኬት 160 ሺሕ ያህል ነው። ሕዝቡ ግን ከዚያ በላይ ሆነ። በሩ ላይ ያሉት አስተናባሪዎች ግፊቱን አልቻሉም፤ አጥሩ ተጥሶ ትኬት የሌለውም ገባ። እስከ 300 ሺሕ የሚያደርሱት አሉ። እኔ ትንሹን ቁጥር እንኳ ብወስድ፣ ከ16 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ውስጥ 160 ሺሕ ማለት ከአገሪቱ ከመቶ ሰው አንዱ በአንድ ሜዳ ላይ ቆመ ማለት ነው። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ተቀምጧል። በቤት ውስጥ የተሰፋ የአሜሪካ ባንዲራ ከመካከል ይውለበለባል። አንዲት ወጣት መድረክ ላይ ወጥታ ከዘፋኙ ጋር ስትደንስ ታየች። እንግሊዝኛ በቅጡ የማይችለው ሁሉ ተወልጄበታለሁ ስለማይለው አገር በሙሉ ድምፁ ዘፈነ። ኮንሰርቱ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በመንግሥት ቴሌቪዥንም ተላለፈ።

ላይፕዚግ የተማሩ አንድ የማውቃቸው ጋሼ አሉ። በዚያ ዘመን ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ከተላኩት ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። በዚያ ክረምት ከጓደኞቻቸው ጋር በባቡር በርሊን ሄደው ኮንሰርቱን አይተዋል። ስለ ሙዚቃው ስጠይቃቸው ብዙም አልነገሩኝም። “ሙዚቃውንስ ተወው፣ ጩኸት ነው” አሉኝ እየሳቁ። ያልረሱት ሌላ ነገር ነው። “እኔ እኮ ያን ያህል ሕዝብ አንድ ላይ ያየሁት አብዮት አደባባይ ብቻ ነበር። እዚያ ቀበሌው ይጠራሃል፣ ስምህ ይመዘገባል፣ ትሰለፋለህ፣ አጨብጭብ ስትባል ታጨበጭባለህ። እዚህ ግን ማንም ስም አልጠራ። ግራ ገባኝ። ዞር ዞር እያልኩ ስም መዝጋቢውን ስፈልግ ነበር።” ፖሊሶቹስ ምን ይሠሩ ነበር? ስል ጠየቅኳቸው። “ቆመው ያዩ ነበር። አንዳንዱማ እግሩን ይመታ ነበር።”

የእኒህ ሰው ቃል ብዙ መጽሐፍ ያላለውን የነገረኝ ይመስለኛል። የወጣት ማኅበሩ ሰልፍ ማዘጋጀት ያውቅበታል። ሰማያዊ ሸሚዝ አልብሶ፣ ችቦ አስይዞ በመቶ ሺሕ ወጣት ያሰልፋል። በዚያ ሜዳ ግን ሕዝቡ የመጣው ወዶ ነው፤ አጥሩንም የጣሰው ወዶ ነው።

ስፕሪንግስቲን በመሐል ቆሞ በጀርመንኛ አጭር ንግግር አደረገ። የትኛውንም መንግሥት ለመደገፍ ወይም ለመቃወም አልመጣሁም፣ የመጣሁት ሮክ ልጫወትላችሁ ነው፣ አንድ ቀን መሰናክሎች ሁሉ ይፈርሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። መጀመሪያ በወረቀቱ ላይ የነበረው ቃል “ግንቦች” ነበር። ማናጀሩ ጆን ላንዳው ጣጣ እንዳይመጣ ስለሰጋ፣ ሊናገር ጥቂት ሲቀረው “መሰናክሎች” ተባለ። ከዚያ ወዲያው የቦብ ዲላንን “ቻይምስ ኦቭ ፍሪደም” ጀመረ።

የቃሉ መለወጥ የሚያስቆጫቸው ምዕራባውያን ጸሐፊዎች አንብቤያለሁ። እኔን አያስቆጨኝም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ምን ይከብዳል! ሰሙ መሰናክል፣ ወርቁ ግንብ። ከዚያ ሜዳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመውን ኮንክሪት የማያውቅ አንድም ሰው በመካከላቸው አልነበረም። እንዲያውም ቃሉ ሲለዝብ ሥራውን ሰሚው ይሠራዋል። ጥላሁን ገሠሠ ከ1953ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ በታሰረባት አገር፣ ሳንሱር የፍቅር ዘፈን ውስጥ ወርቅ ሲቆፍር በኖረባት አገር ላደግን ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው።

የእኛና የእነሱ መንገድ በሌላም ይገናኛል። በ1977 ምሥራቅ ጀርመን ቡና ቸግሯት ግማሽ ያህሉ ቡና ያልሆነ ድብልቅ ለሕዝቧ ብታቀርብ ሕዝቡ አጉረመረመ። በዚያው ዓመት ከደርግ ጋር ተስማምታ የጦር መሣሪያ ሰጥታ ቡና ወሰደች። ሆኔከር በኖቬምበር 1979 አዲስ አበባ መጥተው የወዳጅነት ውል ፈርመዋል። አዲስ አበባ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልትም የእነሱ ስጦታ ነው። ስፕሪንግስቲንስ? በ1985 ለረሃባችን በተዘፈነው “ዊ አር ዘ ወርልድ” ውስጥ ያ ሻካራ ድምፅ የእሱ ነው። ከአንዱ ጠመንጃ፣ ከሌላው የእርዳታ ዘፈን። ሁለቱም የደረሱን በአንድ ዘመን ነው።

ታዲያ ይህ ኮንሰርት ግንቡን አፈረሰው? ኤሪክ ኪርሽባውም የተባለ ጋዜጠኛ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ለውድቀቱ አስተዋጽኦ ነበረው ብሎ ይከራከራል። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ እየጣፈጠ ሄዶ፣ አንድ ጊታር ኢምፓየር የጣለ እስኪመስል ድረስ ይወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከኮንሰርቱ በኋላ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1989፣ ክሪስ ጌፍሮይ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ግንቡን ሊሻገር ሲል በጥይት ተገደለ። ዘፈኑ ተዘፍኖ ካበቃ በኋላም ወታደሩ እዚያው ነበር፣ ትእዛዙም እዚያው ነበር። ግንቡን የጣለው ሞስኮ ታንክ ላለመላክ መወሰኗ ነው፤ ሃንጋሪ በ1989 ድንበሯን መክፈቷ ነው፤ ኦክቶበር 9 ቀን ላይፕዚግ ላይ ሊተኮስብን ይችላል ብለው እያወቁ የወጡት 70 ሺሕ ያህል ሰዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች ሻማ ይዘው እንጂ ትኬት ይዘው አልወጡም። ከእነሱ ውስጥ በቫይሰንዜ የዘፈኑ ይኖሩ ይሆናል። ድፍረታቸውን ግን ለአሜሪካዊ እንግዳ መስጠት ነውር ነው።

ደግሞም አገሪቱ የራሷ ዘፋኝ ነበራት እኮ! ቮልፍ ቢርማን ይባላል። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ፣ ጊታር ይዞ ብቻውን የሚዘፍን። አይሁዳዊና ኮሚኒስት የነበረው አባቱ በናዚዎች አውሽቪትስ ተገድሏል። ቢርማን በ1953፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሲሸሽ፣ በሶሻሊዝም አምኖ ከሐምቡርግ ወደ ምሥራቅ የገባ ልጅ ነው። ያመነበትን መንግሥት በዘፈኑ ስለተቸ ከ1965 ጀምሮ በአደባባይ እንዳይዘፍን ተከለከለ። አሥራ አንድ ዓመት በቤቱ ለወዳጆቹ ዘፈነ። በኖቬምበር 1976 ምዕራብ ጀርመን ሄዶ እንዲዘፍን ፈቀዱለት፤ ኮሎኝ ላይ በዘፈነ በሦስተኛው ቀን ዜግነቱን ገፈው እንዳይመለስ ዘጉበት። ብዙ ደራሲያንና ተዋንያን ተቃውመው ፈረሙ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቀስ በቀስ አገር ለቀው ወጡ።

የቫይሰንዜን ኮንሰርት ሳስብ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ያ መንግሥት በ1988 አንድ የባዕድ ዘፋኝ ለመቶ ሺሖች በጀርመንኛ ስለ መሰናክል ሲናገር ችሎ ሰምቷል። የራሱን ልጅ፣ ጀርመንኛው የአፉ የሆነውን፣ ለሃምሳ ሰው እንኳ እንዲዘፍን አልቻለም። የእንግዳ ነቀፌታ በማግስቱ አብሮት ይሳፈራል። የቤት ልጅ ግን ነገም እዚያው ነው፤ የሚዘፍነውም ስለ ጎረቤቱና ስለ ካድሬው ነው። ይህ የጀርመኖች ብቻ ጠባይ ይሁን አይሁን አንባቢ ያውቃል። እኛም በየካቲት 1997 መባቻ ገደማ የቦብ ማርሌን 60ኛ ዓመት ልደት በመስቀል አደባባይ በነፃ ኮንሰርት በደስታ አክብረናል። የራሳችንን ዘፋኞች ኮንሰርት ግን ፈቃድ ሲከለከል በየጊዜው ሰምተናል።

ግንቡ ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ተከፈተ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ዲሴምበር 1 ቀን፣ ቮልፍ ቢርማን ከ13 ዓመት በኋላ ወደ ላይፕዚግ ተመለሰ። በጋው አልፎ ነበር፤ በርዶ ነበር። በአንድ የንግድ ትርዒት አዳራሽ ውስጥ ሺሕ ሆነው የጠበቁት ሰዎች ዘፈኖቹን ያውቋቸው ነበር። ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ፣ በእጅ እየተጻፈ፣ በድብቅ ሲዞር የኖረ ግጥም ነው። ጊታሩን አንሥቶ ጀመረ።