ዘርን ስለ መቍጠርና እውነትን ስለ መናገር

ከአገራችን ልማድ አንዱ ዘር መቍጠር ነው። ጋብቻ በሚታሰብበት ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የልጁንና የልጅቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ፤ በርስት ዘመንም አባቱንና አያቱን በስም ለይቶ የማይጠራ ሰው በሙግት ይረታ ነበር። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ዘር ቈጣሪ ሁሉ እውነት ተናጋሪ አይደለም። ከሚያስከብረው ሰው ስም ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከሚያሳፍረው ሲደርስ ግን ዘሎ ያልፋል። እኔም በዚህ ጥፋት ከተገኙት አንዱ ስለ ሆንሁ፣ ለልጆች ትምህርት ይሆን ዘንድ ነገሩን እጽፋለሁ።

በኮልፌ ቀራኒዮ ብዙ ዘመን አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን በታሪክ ትምህርት ጊዜ፣ የመስኮብ ታላቅ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን በቅድመ አያቱ በኩል የእኛ ወገን እንደ ሆነ፣ ይህም ምንም ጥርጥር የሌለበት ነገር እንደ ሆነ በኵራት አስተማርሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? እርሱስ በምን ዐወቀ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ከበደኝ። ስለዚህ «አገርህን ትጠላለህን?» ብዬ ገሠጽሁት፤ ጓደኞቹም ሣቁበት። ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ያ ልጅ ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ ሣር ቤት በወረድሁ ቍጥር፣ በፑሽኪን ስም የተጠራው አደባባይ ያን ጥያቄ ያስታውሰኝ ጀመር። በመጨረሻም መልሱን ፍለጋ ተነሣሁ። ያገኘሁት ይህ ነው፤ ዓመታቱንም በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ፑሽኪን በ1799 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደ። የእናቱ አባት ኦሲፕ ጋኒባል ይባላል፤ የኦሲፕም አባት አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል ነው። ይህ አብራም በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ከቁስጥንጥንያ ወደ መስኮብ የተላከ ጥቁር ልጅ ነበር። ንጉሡ ታላቁ ጴጥሮስ የክርስትና አባት ሆኖ በቪልና ከተማ አስጠመቀው፤ ጴጥሮስ የሚል ስምም ተሰጠው። እርሱ ግን አብራም የሚለውን የቀድሞ ስሙን አልለቀቀም። እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው «ከየትኛው የአፍሪካ አገር መጣ?» ሲባል ነው።

የመጀመሪያው ምስክር አብራም ራሱ ነው። በ1742 ዓ.ም. የመኳንንትነት ማረጋገጫ እንዲሰጠው ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ፣ የአፍሪካ ተወላጅና የባላባት ልጅ መሆኑን፣ የተወለደውም አባቱ በሚገዛው ላጎን በሚባል ከተማ መሆኑን ገልጿል። ሐበሻ የሚል ቃል ግን በዚያ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ምስክር በጀርመን ቋንቋ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ነው። ጸሐፊው የአብራም የልጁ ባል ሮትኪርኽ ነው። ይህ ሰው ዐማቱ የሐበሻ ተወላጅ እንደ ነበረ ጻፈ፤ ዘሩንም ሮማውያንን እስከ ተዋጋው እስከ ጥንቱ ሐኒባል አደረሰው። ደግሞም አንዲት እኅቱ ወንድሟን ይዞ የሚሄደውን መርከብ በዋና ስትከተል ሰጠመች ይላል፤ የዚህችም እኅት ስም ላጋን ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። በአንዱ መዝገብ ከተማ የነበረው ስም፣ በሌላው መዝገብ እኅት ለመምሰል ጥቂት ቀረው።

ፑሽኪን የቅድመ አያቱን ታሪክ ያነበበው ከዚህ ከጀርመንኛው ጽሑፍ ነው። እርሱም የሚጨነቅበት ምክንያት ነበረው፤ በ1830 ዓ.ም. ቡልጋሪን የሚባል ጋዜጠኛ፣ ይህ ጥቁር አያት በአንድ ጠርሙስ አረቄ የተገዛ ነው ብሎ ዘብቶበት ነበርና።

ባለቅኔው የተወለደበት መቶኛ ዓመት በሆነ ጊዜ፣ በ1899 ዓ.ም.፣ አኑቺን የተባለ የመስኮብ ሊቅ ላጎን ያለው በመረብ አቅራቢያ ነው ሲል ጻፈ። እኔ በክፍል ውስጥ በኵራት የተናገርሁት ነገር ምንጩ ይኸው ነው። ነገር ግን ሊቁን ወደዚህ አሳብ ከመሩት ነገሮች አንዱን ሳነብ አፈርሁ። አኑቺን፣ ፑሽኪንን የመሰለ ሰው ከሌላው ጥቁር ሕዝብ ዘር ይወጣል ብሎ ማመን ከብዶት ነበር፤ ሐበሻን ግን ከሌላው ጥቁር ለይቶ ከፍ ያለ ዘር አድርጎ ይቈጥረው ነበር። እንግዲህ እኛ ደስ ብሎን የተቀበልነው ክብር በሌሎች አፍሪካውያን ውርደት ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው። ስጦታውን ስናይ የሰጪውን ልብ አልመረመርንም።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ኛማንኩ የተባለ የቤኒን ተወላጅ የታሪክ ሰው መጽሐፍ አሳተመ። እርሱም ማመልከቻውን መሠረት አድርጎ፣ ላጎን ማለት በቻድ ሐይቅ ደቡብ፣ በዛሬው ካሜሩን ሰሜን የሚገኘው ሎጎን ቢርኒ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት ወደዚህ አሳብ አዘንብለዋል።

ልጆች ሆይ፣ የመዝገቦች አለመስማማት አያስደንቃችሁ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ልመዘገብ በሄድሁ ጊዜ ዕድሜዬን የሚያውቅ አልነበረም። ክንዴን በራሴ ላይ አሻግሬ ጆሮዬን እንድይዝ ታዘዝሁ፤ ጆሮዬን ስለ ያዝሁም ሰባት ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ተጻፈ። እናቴ ደግሞ ጎረቤታችን ከሞቱበት ዓመት ተነሥታ ሌላ ትቈጥራለች። በጡረታ ወረቀቴ ያለው ዓመት ከሁለቱም ይለያል። ስሜም ቢሆን የቤቱ ሌላ፣ የመዝገቡ ሌላ ነው። እኔ በሕይወት ሳለሁ ሦስት የልደት ዓመት ከኖረኝ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከእናቱ ጕያ የተነጠቀ ልጅ ምን ያህል ይኖረው? የአብራምን ልደት አንዱ 1688፣ ሌላው 1696 ዓ.ም. ይለዋል፤ ጥምቀቱንም አንዱ 1705፣ ሌላው 1707 ዓ.ም. ይለዋል።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። መዝገብ በተገለጠ ጊዜ «ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ማን ጻፈው? ምንስ ፈልጎ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አብራም መኳንንትነትን ፈለገ፤ የልጁ ባል ለቤተ ሰቡ ክብርን ፈለገ፤ ቡልጋሪን መሳለቂያን ፈለገ፤ አኑቺን አሳቡን የሚደግፍለትን ፈለገ፤ እኔም ለአገሬ መመኪያ ፈለግሁ። የሚፈልገውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ያንኑ ያገኛል፤ እውነትን ግን አያገኝም።

በጽሑፍ የተረጋገጠው የአብራም ሥራ ነው። በፈረንሳይ አገር የምሕንድስና ትምህርት ተማረ፤ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ አሠራር ጻፈ፤ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ወደ ሳይቤሪያ ተሰደደ፤ ተመልሶም በሬቫል ከተማ አዛዥ፣ ኋላም ጄኔራል ሆነ፤ በ1781 ዓ.ም. ሞተ። ሳንዘል እንቍጠር ካልን ደግሞ፣ የመጀመሪያ ሚስቱን ከስሶ ለብዙ ዓመት አሳስሯታል፤ በልጅነቱ እንደ ዕቃ የተላከው እርሱ ራሱም ከመሬቱ ጋር የተሰጡትን ገባሮች ጌታ ሆኖ ገዝቷል። ይህም ያው ሰው ነው።

እንግዲህ አብራም ከመረብ አጠገብ ነው ወይስ ከቻድ ሐይቅ ማዶ? ማስረጃው ዛሬ ወደ ሁለተኛው ያመዝናል፤ የተዘጋ ነገር ግን አይደለም። ከሁለተኛው ቢሆንም ከእኛ የተወሰደ ነገር የለም፤ የአፍሪካ ልጅ ነውና።

ያ ተማሪ ዛሬ የልጆች አባት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢደርስ፣ ጥያቄው ትክክለኛ እንደ ነበረና አስተማሪው ግን እንዳልነበረ ይወቅልኝ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ጥያቄ ያነሣ ልጅ በፊታችሁ ሲቆም፣ መልሱን ባታውቁት «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉት። እኔ ይህን ቃል ለመማር ስድሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።