ሻንጣ ተሸካሚው እና የ1789ኙ ሕግ

አትላንታ በአንድ ሆቴል የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ስደተኛ፣ እዚያው ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከመውን ሰውዬ አየችውና አወቀችው። ቀልቤሳ ነገዎ ይባላል። በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ስትገረፍ የሚያዝዘው እሱ ነው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች በ1990 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) እዚያው አትላንታ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት።

ግፉ የተፈጸመው አዲስ አበባ ነው። ገራፊውም ተገራፊዎቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ታዲያ የጆርጂያን ዳኛ ምን አገባው?

የሕግ ሰዎች ይህን «የዳኝነት ሥልጣን» ይሉታል። ዳኛ «ነገሩ እውነት ነው ወይ?» ከማለቱ በፊት «ይህን የማየት ሥልጣን አለኝ ወይ?» ማለት አለበት። ጥያቄው ደግሞ ሁለት ነው። በሰውዬው ላይ ሥልጣን አለኝ ወይ የሚለው ቀላል ነበር፤ ሰውዬው አትላንታ ይኖራል፣ መጥሪያ ይደርሰዋል። ከባዱ የሥረ ነገር ሥልጣን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕገ መንግሥቱና ኮንግረሱ ቆጥረው ከሰጧቸው ጉዳይ ውጪ አይነኩም፤ የቀረው የየክፍለ ግዛቱ ነው። የውጭ ዜጋ የውጭ ዜጋን ሲከስ ደግሞ በተለመደው መንገድ የፌዴራሉ በር ዝግ ነው።

በሩን የከፈተው አንድ አረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ኮንግረስ በ1789 ፍርድ ቤቶችን ሲያቋቁም፣ የውጭ ዜጋ በመንግሥታት ሕግ ጥሰት ለደረሰበት ጉዳት ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቀደ። መነሻው በ1784 ፊላደልፊያ ላይ አንድ የፈረንሳይ ዲፕሎማት ሲደበደብ ኮንግረሱ እጁን አጣጥፎ ማየቱ ነው የሚሉ አሉ። ከዚያ ሕጉ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው አቧራ ጠጣ። አቧራውን ያራገፈው በ1980 ኒውዮርክ የሚያስችለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ ፓራጓይ ውስጥ ልጁ በስቃይ የተገደለበት ቤተሰብ፣ ብሩክሊን ያገኘውን ፖሊስ በዚሁ ሕግ ከሰሰ።

ቀልቤሳ በ1993 ለሦስቱም ሴቶች ለየአንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኝ አለ፤ ሥልጣን የላችሁም ብሎ። ይግባኝ ሰሚው በ1996 «አለን» አለው።

አላችሁ፤ ግን ምን ያህል? ክሱ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ገንዘብ ያስፈርዳል እንጂ አያሳስርም። ሻንጣ ተሸካሚ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ከየት ያመጣል? እኔን እስካሁን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ይግባኙ ገና ሳይወሰን፣ በ1995፣ ሰውዬው የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው። ፍርድ ቤቱና ኢሚግሬሽኑ የአንድ አገር መሥሪያ ቤቶች አይመስሉም! ዜግነቱን ያጣው በ2004፣ የተባረረው በ2006 ነው። ኢሚግሬሽንም ቢሆን ያባርራል እንጂ ለግርፋቱ አይቀጣም። በወንጀሉ የፈረደው የአዲስ አበባው ፍርድ ቤት ነው፤ በ2002፣ በሌለበት፣ ዕድሜ ልክ።

የ1789ኙ በርም ጠቧል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013፣ ናይጄሪያውያን በነዳጅ ኩባንያ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ ሕጉ በመሠረቱ ከአሜሪካ ውጪ ለተፈጸመ ነገር አይሠራም ብሏል። ዛሬ አንዲት ስደተኛ ገራፊዋን ሆቴል ውስጥ ብታገኘው በዋናነት የሚቀራት በ1992 የወጣው የስቃይ ሰለባዎች ሕግ ነው። እሱም፣ ዳኛው በልዩ ምክንያት ካላራዘመው፣ በአሥር ዓመት ይዘጋል። ሦስቱ ሴቶች የከሰሱት ከተገረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነበር።