አክሬዲቴሽን፦ መርማሪውን ማን መረመረው?

ደባርቅ ላይ ለጤና ጣቢያ ወይም ለሎጅ በረኪና የሚገዛ ሰው እጁ ላይ ያለው ጀሪካኑና ወረቀቱ ብቻ ነው። ጀሪካኑ «5 በመቶ» ይላል፤ ወረቀቱ ማህተም አለው። እውነት 5 በመቶ መሆኑን በጠረን መለየት አይቻልም፤ 2 በመቶውም አፍንጫ ይወጋል።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ደም የፈሰሰበት ወለል የሚጸዳበት 0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ የሚዘጋጀው 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበርዞ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው 2 በመቶ ከሆነ ያው አበራረዝ 0.2 በመቶ ይሰጣል። የጽዳት ሠራተኛዋ የተነገራትን አድርጋለች፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ግን ከሚገባው ከግማሽ በታች ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ የተነሳውን ኮሌራ ያስታወሰ የጎንደር ሰው ይህን እንደ ተራ ሒሳብ አያየውም።

ስለዚህ ገዢ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቃል፤ ደግ ነው። ግን ላቦራቶሪውስ? ሚዛኑ ከተስተካከለ ስንት ጊዜው ነው? የሚጠቀምበት ኬሚካል ጊዜው አልፎበት ይሆን? አክሬዲቴሽን የሚባለው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው፦ አንድ ላቦራቶሪ አንድን ምርመራ በትክክል መሥራት እንደሚችል ገለልተኛ አካል ገምግሞ የሚሰጠው ምስክርነት። በአማርኛ «የብቃት እውቅና» ቢባል ይስማማል፤ ኮሌጆች በራቸው ላይ ከሚለጥፉት «እውቅና» ጋር ዘመድ ነው። «የጥራት ማረጋገጫ» ግን ያሳስታል። ያኛው ስለ ምርቱ ይናገራል፣ ይሄኛው ስለ መርማሪው።

በአገራችን ይህን ሥራ የያዘው በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ አክሬዲቴሽን ጽሕፈት ቤት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ይባላል። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሥራ ሲከፋፈል ደረጃ የሚያወጣው፣ ምርት የሚመረምረውና ለመርማሪው እውቅና የሚሰጠው ተለያዩ። የመመዘኛው ስም አይሶ 17025 ነው። ገምጋሚዎቹ መሣሪያውን፣ ባለሙያውንና መዝገቡን ያያሉ፤ ላቦራቶሪውም አንድ ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ተከፋፍሎ ውጤታቸው በሚነጻጸርበት ፈተና መሳተፍ አለበት።

ብዙ ገዢ የሚስተው «ወሰን» የሚባለውን ነው። እውቅና ለሕንፃው በሙሉ አይሰጥም፤ ምርመራ በምርመራ እየተቆጠረ እንጂ። የመጠጥ ውሃን አሲድነት ለመለካት እውቅና ያገኘ ላቦራቶሪ የበረኪናን ክሎሪን ሲለካ ያለ እውቅና እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ያ ምርመራ የእውቅናው ወሰን ውስጥ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። እኛ አገር ማህተም ካየን ሌላውን አናነብም፤ እዚህ ግን ከማህተሙ ይልቅ የወሰኑ ዝርዝር ይበልጣል።

«99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከ1,000,000 ባክቴሪያ 1,000 ይተርፋል ማለት ነው፤ እሱም በየትኛው ባክቴሪያ ላይ፣ በስንት ደቂቃ? ለምግብ ቤትና ለመሰል ቦታዎች የሚውለው የአውሮፓው መመዘኛ ኢኤን 1276 ከ100,000 ባክቴሪያ ከ1 በላይ እንዳይተርፍ ይጠይቃል፤ የተለመደው የሙከራ ሙቀትም 20 ዲግሪ ነው። የደባርቅ ማለዳ ከዚያ በእጅጉ ይቀዘቅዛል፤ በቅዝቃዜ ደግሞ መድኃኒቱ ሥራውን ለመጨረስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ጥሩ የምርመራ ወረቀት የተሞከረበትን ዘዴ፣ ሙቀትና የቆይታ ጊዜ ስለሚጽፍ ሎጁ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለመገመት ይረዳል።

እውቅና ያለው ወረቀትም ቢሆን የሚናገረው ስለተመረመረው ናሙና ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ከጀሪካኑ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ጀሪካን ነው። ቢገጥምም በረኪና በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል፤ የዓባይን በረሃ በጭነት መኪና አቋርጦ፣ ጎንደር መጋዘን ከርሞ ዳባት የደረሰው ከፋብሪካ እንደወጣ አይቆይም። የግዢ ኮሚቴው በጨረታ ሰነዱ ላይ የምርት ቀን ቢጠይቅ፣ ጤና ጣቢያውም ጥቂት ጥቂት እየገዛ ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ቢያስቀምጠው ይሻላል። ቅዝቃዜው እንደሆነ በነጻ አለ።