ደረጃ፦ በጡት ካንሰር ሕክምና

ደረጃ የጡት ካንሰር በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨ የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን ከ0 እስከ 4 ይቆጠራል። የሚወሰነው በዋናነት በዕጢው መጠን፣ በብብት ንፍፊቶች መነካትና ወደ ሌላ አካል በመዛመቱ ነው። በ0 ደረጃ የተለወጡት ሕዋሳት ከወተት ቱቦው አልወጡም፤ በ4ኛው ግን አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ደርሰዋል። ካንሰሩ አጥንት ላይ ቢገኝም ስሙ የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደዚያው ነው።

ሕመም የደረጃ ምልክት አለመሆኑ በእጅጉ ሊታወቅ ይገባል። መነሻው ላይ እብጠቱ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ በከፊልም በዚህ የተነሳ በኢትዮጵያ በርካታ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በ3ኛ ወይም በ4ኛ ደረጃ ላይ ሳሉ ነው።

ደረጃ ከግሬድ ይለያል፤ ግሬድ የካንሰሩ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤናማዎቹ ምን ያህል እንደሚለዩ የሚናገር ነው።